የዋንጫዎቹ ማደሪያ

በሰርጓም መንግሥት፣ የሰሜኑ መንገድ ተራራውን ሊያቋርጥ ሽቅብ በሚጠመዘዝበት በር ላይ፣ ነገሥታት ሲፈራረቁ ያልፈረሰ አንድ የእንግዳ ማደሪያ ነበረ። የዋንጫዎቹ ማደሪያ ይሉታል። ድንጋዩ ጥቁር፣ ጣሪያው ዝቅተኛ፣ አልጋው ደግሞ እውነቱን ለመናገር ወገብ የሚቆርጥ ነበር። ያም ሆኖ መንገደኛ ሁሉ ሌላውን ማደሪያ አልፎ እዚያ ያድር ነበር፤ ግድግዳው ላይ ለተሰቀሉት የቀንድ ዋንጫዎች ሲል።

የሚዘምት የሰርጓም ወታደር በዚያ ቤት ሳያልፍ አይሄድም። የመጨረሻ ጠጁን በገዛ ዋንጫው ይጠጣል፤ ወደ ባዶው ዋንጫ አንድ ቃል ይናገራል፤ ከዚያም ይሰቅለዋል። የተመለሰ እንደሆነ በጦር ሜዳ ያየውን ለቤቱ ሁሉ ተናግሮ ዋንጫውን ያወርዳል። ሳይናገሩ ማውረድ ነውር ነው። ያልተመለሰው ዋንጫ ግን እዚያው ይቀራል።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የቤቱ እመቤት፣ «እናት ዋንጫ» ከሚባለው ትልቅ ቀንድ፣ ለእያንዳንዱ ዋንጫ ጠጅ ትቀዳለች። ያን ጊዜ ዋንጫው የባለቤቱን ቃል በባለቤቱ ድምፅ ይናገራል። አንዱ «እማዬ፣ በሬውን እንዳትሸጪው» ይላል። ሌላው የሚስቱን ስም ብቻ ይጠራል። ባልቴቶች ከሩቅ አገር ተጉዘው ይህንኑ ሰምተው፣ እንባቸውን ጠርገው ይመለሳሉ።

የቤቱ ልጅ ሙዳይ አባቷን የምታውቀው በዚህ ብቻ ነበር። አባቷ ሻረው የዘመተው እሷ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ነው። ዋንጫው ሳቅ እያፈነው «ድስቱን አታውርዱት፤ ለራት እደርሳለሁ!» ይላል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ጠጅ ቀጂዋ እሷ ሆናለች፤ ዓመቱን ሙሉ የምትኖረውም ለዚያች ቃል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ በአንዱ ዓመት፣ በዓሉ ሲቃረብ፣ ፀሐይ በቀትር ገረጣች። ወፎች አፋቸውን ከፍተው ድምፅ አጡ። ሙዳይ ወደ አዳራሹ ስትሮጥ የእናት ዋንጫ ቦታ ባዶ ነበር፤ ከሥሩ ክንድ የሚያህል ግራጫ ላባ ወድቋል።

የበሩ ጠባቂ አጋፋሪ ጓንጉል ላባውን አንስተው ፊታቸው ጠቆረ። «ልሳነ ቢሱ ነው» አሉ። «ያለ ምላስ የተፈጠረ፣ በተራራው ጫፍ የሚኖር አውሬ። የሚናገረው የሰው ድምፅ እየሰረቀ ነው። እናት ዋንጫን ከያዘ የልጆቻችን ድምፅ ሁሉ የእሱ ሆነ ማለት ነው።»

እኚህ ሽማግሌ የሻረው ባልንጀራ ነበሩ፤ ከአዝማ ወንዝ ጦርነት ብቻቸውን የተመለሱ። የሚገርመው የሳቸውም ዋንጫ እስከ ዛሬ ከሙታኑ መካከል ተሰቅሎ ነበር። በየዓመቱ «ጠጁ ውሃ በዝቶበታል!» እያለ አዳራሹን ያስቃል፤ እሳቸው ግን በሳቁ መካከል ሹልክ ብለው ወደ በቅሎዎቹ ይወጣሉ። ያዩትን አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም።

ሙዳይ እጇን አባቷ ዋንጫ ላይ ጭና ማለች፦ «በወደቁት ስም! እናት ዋንጫን ሳልይዝ ይህን ደጃፍ ብረግጥ፣ ስሜ ከዚህ ቤት ይፋቅ!»

«እኔም እከተልሻለሁ» አሉ አጋፋሪ።

«ጋሼ፣ በዚህ ጉልበትዎ?»

«ጉልበቴን ተዪው። በቅሎዋ ምን ሠርታ ትበላለች?»

ሙዳይ የአባቷን ዋንጫ በነጠላዋ ቋጠረችና ሁለቱም ተነሡ። ዛፎቹ ደም በሚያነቡበት ጫካ አለፉ። ነፋስ በሠራው፣ ዓይን በማያየው ድልድይ ላይ በቅሎዋ አልሻገርም ብላ ግግም ስትል፣ አጋፋሪ ዓይኗን ሸፍነው እንደ ሙሽራ እያባበሉ አሻገሯት። ሙዳይ ከልቧ ሳቀች፤ በሳቁ መካከልም ዘወትር የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«ጋሼ፣ አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ጥሩ ሰው ነበር» አሉና በቅሎዋን ስበው ቀደሟት። ሁልጊዜ መልሳቸው ይኸው ነው። ሙዳይ ተናደደች፤ እስከ ተራራው ጫፍም አላናገረቻቸውም።

ልሳነ ቢሱ ጫፉ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ቤት ያክላል፤ ክንፎቹ ተቦጫጭቀዋል፤ እናት ዋንጫን በጥፍሩ ይዞ ገደሉ ላይ አንጠልጥሏታል። አጋፋሪ ጦራቸውን ሲሰብቁ የአንድ ወጣት ወታደር በሚመስል ድምፅ «ብትወጋኝ እለቃታለሁ» አለ። ጦሩ ዝቅ አለ።

ቀጥሎ የተናገረው በሻረው ድምፅ ነበር።

«ሙዳይ» አላት። አባቷ በሕይወቱ ጠርቶት የማያውቀው ስም ነበር። «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ያለሽ አንዲት ቃል ናት። ከእኔ ጋር ተቀመጪ፤ በየቀኑ አወራሻለሁ። እነሱን እርሻቸው።»

ሙዳይ አለቀሰች። ድምፁ የእሱ ነበር፤ ሳቁ እንኳ አልቀረም። ልትቀመጥም ከጅሏት ነበር። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ጠየቀች፦ «በዘመትህበት ቀን ድስቱ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?»

አውሬው ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጎርናና ድምፆችን አንድ በአንድ ሞከረ፤ በየትኛውም መልሱን አላገኘም። በመጨረሻ በአንድ ልጅ እግር ወታደር ድምፅ «አላውቅም» አለ። «ብቻዬን ነኝ፤ ዝምታ ያስፈራኛል። እናት ዋንጫን ውሰጂ። ለእኔ አንድ ድምፅ ብቻ ተዪልኝ።»

«የእኔን ያዝ!» አሉ አጋፋሪ ወደ ፊት ተራምደው።

«አንተ በሕይወት አለህ። ድምፅህን ካስቀረሁ ዲዳ ትሆናለህ።»

«ልሁና! ከእነሱ ጋር መሞት ይገባኝ የነበረ ሰው ነኝ።»

ሙዳይ ክንዳቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ እርስዎ ዲዳ ከሆኑ ስለ አባቴ ማን ይነግረኛል?»

ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። እሷም ወደ አውሬው ዞረች። «የሌላ እናት ልጅ ድምፅ መስጠት አልችልም። የሻረውን ያዝ» አለች፤ በነጠላዋ የቋጠረችውን ዋንጫ አጥብቃ ይዛ።

እናት ዋንጫን ተቀብላ ቁልቁል ወረደች። ከኋላዋ አውሬው አዲስ ሀብቱን እየደጋገመ ይጣራ ነበር፦ «ድስቱን አታውርዱት፤ ለራት እደርሳለሁ!» ነፋሱ ድምፁን እስኪውጠው ድረስ ዞራ አላየችም።

በበዓሉ ዕለት ጀንበር ስታዘቀዝቅ አዳራሹ ሞላ። ምድጃው ላይ የራት ድስት ይንተከተካል። ሙዳይ ቀዳች፤ ዋንጫዎቹም ተናገሩ። አንዲት ባልቴት «በሬው አልተሸጠም፣ ልጄ!» ብላ መለሰች። የሻረው ዋንጫ ግን እስከ አፉ ተሞልቶ ጸጥ አለ። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ከጎኑ ያለው ዋንጫ «ጠጁ ውሃ በዝቶበታል!» ሲል የሳቀ ሰው አልነበረም። አጋፋሪ ጓንጉል እንደ ወትሯቸው ተነሡ፤ ወደ በሩ ግን አልሄዱም። ወደ ግድግዳው ሄደው ዋንጫቸውን ጨበጡ።

«አዝማ ወንዝ ላይ ተከበብን» አሉ። «ሻረው ‹አንተ ትፈጥናለህ፤ ርዳታ አምጣ› ብሎ ላከኝ። ፈጠንሁ። ግን ርዳታውን ይዤ በጊዜ አልደረስሁም። ይኸው ነው ነውሬ።» ዋንጫውን አወረዱት፤ አንድም ሰው ነውር ነው አላለም። ከዚያ ወደ ሙዳይ ዞሩ። «ድስቱ ውስጥ የነበረው ሽሮ ነው። ያውም ያረረ። ሻረው ‹ይህን በልቼ ከምዘምት ጠላት ይብላኝ› ሲል እናትሽ በማማሰያ መታችው። ‹ለራት እደርሳለሁ› ያለው ሊታረቃት ብሎ ነው። ስንወጣ ደግሞ...»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሙዳይም እየሳቀች እያለቀሰች ነበር። አንዲት አስተናጋጅ ራቱ እንዳያርር ብላ ወደ ምድጃው ስትጠጋ ሙዳይ እጇን አንሥታ ጮኸች።

«ድስቱን አታውርዱት! ጋሼ ይጨርሱ!»

ሽማግሌው ድንገት ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጠጃቸውን ተጎነጩና ወሬያቸውን ቀጠሉ።