የኤልምቢው የትንሣኤ ሻማ

ኦስበርት የሟቹን ጥፍር በቀጭን ስንጥር ያጸዳ ነበር። የወጣውን ነጭ ነገር በጣቶቹ አሽቶ አሸተተው።

ደወል ደዋዩ ቴርስታን በኤልምቢ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር፣ አንድ እርከኑ ከተሰበረ መሰላል አጠገብ ተጋድሟል። ቅዳሜ ማለዳ ነው የተገኘው። ከሟቹ ጋር በአጥር የተጣላው አናጢ ኤድመር «እርከኑን በመጋዝ አላልቷል» ተብሎ እጁን ታስሯል። የንጉሡ መርማሪ ኦስበርት ጥፋተኛ ካለው ኖሪች ከተማ ወስደው ይሰቅሉታል።

«መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ?» አለው ሻማ ሠሪውን ጊልበርትን።

«አዎ ጌታዬ። ትናንት የማታውን ደወል ሊደውል መሰላሉን ሲወጣ አየሁት።»

«ሌላስ ያየው አለ?»

«እሱን ደግሞ ማን ልብ ይላል? ሃያ ዓመት ሙሉ በየማታው ሲወጣ ነው የኖረው» አለች የኤድመር ሚስት ሚሊሰንት። «ይልቅ ባሌን ፍቱልኝ! እንኳን ሰው ሊገድል ዶሮ ማረድ ይፈራል፤ የማርደው እኔ ነኝ!»

ከተሰበሰቡት አንዱ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ።

ኦስበርት ለትንሣኤ ሌሊት ወደሚበራው ትልቅ ሻማ ሄደ። «ሰሙ ከየት መጣ?»

«ቀፎ ያለው ሁሉ ከየቤቱ አዋጥቶ ነው» አሉ ቄሱ አባ ራልፍ። «ጊልበርት አቅልጦ ሠራው።»

ኦስበርት ቢላዋውን መዘዘ።

«ኧረ ጌታዬ! የተባረከ ነው!» ጊልበርት ጮኸ።

«የሚባረከው ገና ማታ ነው» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው።

ቢላዋው ስስ ቢጫ ሽፋን ቀደደ። ውስጡ ነጭ ነበር።

«ሞራ!» አለች ሚሊሰንት። «ሰማችንንስ የት አደረስከው?»

«አባ፣ ደወሉ መቼ ተደወለ?» አለ ኦስበርት።

«ከሐሙስ ወዲህ ማን ነክቶት! ለጌታ ሕማም ደወል አይደወልም። እስከ ዛሬ ሌሊት ሕዝቡን የምንጠራው እንጨት እያንኳኳን ነው።»



«ትናንት ስቅለት ነበር» አለ ኦስበርት። «ቴርስታን ደወል ሊደውል አልወጣም። በየማታው ስለሚወጣ ግን ሁላችሁም ትናንትም የወጣ መሰላችሁ። እርከኑን እዩት፣ ተሰንጥሮ ነው የተሰበረው፤ መጋዝ አልነካውም። መሰላሉ የተደገፈው ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ የወደቀ እንዲመስል ነው። ጥፍሩ ውስጥ ያገኘሁት የበግ ሞራ ነው። ሻማውን ፍቆ ደረሰበት። ከዚያ ምን አለህ፣ ጊልበርት?»

ጊልበርት የተቆረጠውን ሻማ አየ። «ሰሙን መሸጤን ለሕዝቡ እናገራለሁ አለኝ። ገፋሁት... ድንጋዩ ላይ ወደቀ።»

ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው አወጡት። አልታገላቸውም።

ኦስበርት ኤድመር ፊት ተንበረከከ። ቋጠሮው ጠብቋል።

«ቀስ በል ጌታዬ፣ የሚሠራበት እጁ ነው» አለች ሚሊሰንት።

ቋጠሮው ተፈታ። ኦስበርት ገመዱን ጠቅልሎ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠው።