ሰባ ሚሊ ሜትር ባሕር

የሞአላን ሬሳ ዓሣ አጥማጆች ከነጀልባው ጎትተው ሲያመጡት መንደሩ ገዳዩን ቀድሞ አግኝቶ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙን ሎፒኒን። ቤንዚን የሞላ ጀሪካን ከሎፒኒ ቤት ጀርባ፣ ምሰሶ ላይ ታስሮ ተገኝቷላ! የጀልባው የቤንዚን ቋት ደግሞ ደረቅ። ወንድሙን ባሕር መሃል በውሃ ጥም የገደለ ሌባ ተባለ። የሰው አፍ ዳኛ አይጠብቅም።

ሳጅን ፊናው ከዋናው ደሴት መጣች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን ዝም አይልም።

«ሰርቀሃል?»

ሎፒኒ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እሰሩኝ» አለ።

«የጠየቅኩህ እሱን አይደለም።»

«እሰሩኝ ብያለሁ እኮ!»

ሌባ ይፈራል፤ ይሄ ግን ያፍራል። ፊናው ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን አየችው። ቂጡ ላይ የጀልባው አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተለጥፎበታል። የገመዱ ቋጠሮ የግራኝ ሥራ ነው። ሎፒኒ ደግሞ እንባውን የሚጠርገው በቀኙ ነው።

ወደ ቤንዚን ሻጩ ወደ ኪታው ሄደች።

«ውሃ ቀላቅለህ ሸጥክለት ይላሉ።»

«የሚሉኝ አፋቸው ይጣመም! የመመለሻውን አክስቴ የላከችኝ ደሴት እገዛለሁ ብሎ የመሄጃውን ብቻ ገዛ። አንድ ጀሪካን ጨምር ስለው፣ ‹አክስቴ በካርታ ለክታ ሰባ ኪሎ ሜትር ነው ብላለች፤ ዋሸች ልበል?› ብሎ አፌን አስዘጋኝ።»

«እንደሚርቅ ታውቅ ነበር?»

ኪታው ንጹሑን ጠረጴዛ መወልወል ጀመረ። «የአባቱ እህት ናት፣ ሳጅን። አንቺ ብትሆኚ ትናገሪያት ነበር?»

የአባት እህት ቃል ከአለቃ ቃል እንደሚበልጥ ፊናውንም በቁንጥጫ ነው ያስተማሯት።

ለቅሶ ቤት ሁሉም ተሰበሰበ። አክስትየዋ ላቪኒያ እንደ ክብሯ ከአስከሬኑ ራስጌ ተቀምጣለች። ፊናው ካርታውን ከግድግዳ አውርዳ የልብስ ስፌት ሜትር ዘረጋችበት፤ አንገቷ ግን አልቀና አላት።

«እማማ ላቪኒያ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሞአላን ምንጣፍ አምጣልኝ ብለው የላኩት ካርታው ላይ እዚህ ወዳለው ደሴት ነው። ሰባ ሚሊ ሜትር። ልክ ለክተዋል።»

«ታዲያስ!» አለች አሮጊቷ።

«አንዷን ሚሊ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር አደረጓት። በዚህ ካርታ ግን አንዷ ሚሊ ሜትር አንድ የባሕር ማይል ናት፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሰባ ያሉት መቶ ሠላሳ ነው። ቤንዚኑ መንገድ አጋማሽ ላይ አለቀ።»

«ጀሪካኑስ?» አለ ኪታው።

«ጀልባው ላይ ተጭኖ ነበር፤ ቀለሙ ይመሰክራል። የጫነው ሎፒኒ ነው። አውርዶ ምሰሶው ላይ ያሰረው ግን ሟቹ ነው፤ በዚህ ቤት ግራኝ እሱ ብቻ ነበር።»

ሎፒኒ ተንሰቀሰቀ። «‹ሰው ቢያየው አክስቱን አላመናትም ይለኛል› ብሎ ተቆጣኝ። ለአክስቴ መሳሳታቸውን መንገር ነበረብኝ። አፈርኩ።»

«እኔም» አለ ኪታው፣ ድምፁ እንደ ሕፃን አንሶ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ባሕር አያውቅም።

ላቪኒያ ከራስጌው ተነሳች። ዝቅተኛ ዘመድ ለሐዘን የሚታጠቀውን ቡትቶ ምንጣፍ ከአንዷ ሴት ወገብ ፈትታ ታጠቀች፤ ወጥታም ከወጥ ቤት ታዛዦች መሃል፣ ጭሱ ውስጥ ተቀምጣ ጎደሬ መላጥ ጀመረች።

ቤት ሙሉ ሰው አያት። «ይነሡ እማማ፣ ቦታዎ እዚህ ነው» ሊላት የደፈረ ግን አሁንም አልነበረም።