ገዳዩ ምን ለብሷል?

«ሴትየዋ መብራቱን ልታበራ እጇን ትዘረጋለች። እምቢ አለ! አሁን ኮቴ ይሰማል። ቀስ… ቀስ…» አለች ባሕሪያ።

የውሃ ቦቴውን የሚጠብቁት ልጆች ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ያለምወርቅ ግን ጥርሷን ነከሰች። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ባሕሪያ ከመምጣቷ በፊት የሰልፉ ፊልም ተራኪ እሷ ነበረች። ጎንደር ሳሉ አጎቷ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ስለነበር ልብ አንጠልጣይ ፊልም ጠግባ አይታለች። ሱዳን ውስጥ፣ ሾዋክ አጠገብ ያለው ይህ የስደተኞች ካምፕ ደግሞ የራሱ ወግ አለው፤ ፊልም የሚተርክ ሰው ጀሪካኑ ከሰልፉ ፊት ይቀመጥለታል። ቦቴው ለሁሉም አይበቃም። በዚያ የረሃብ ዓመት ባዶ ጀሪካን ይዞ እናት ፊት መቆም ቀላል አልነበረም፤ ያለምወርቅ ሦስት ቀን እንዲያ ቆማለች።

ዛሬ ግን የምትናገረው አላት። ትናንት ራሽን ሲታደል የባሕሪያ አክስት እትዬ አሰጋሽ እየሳቁ አጫውተዋታል።

«የሷን ነገር ተይው! ገዳሪፍ ከተማ ሳለን ቤታችን ከሲኒማው ግንብ ጀርባ ነበር። አንድ ቀን እግሯ ገብቶ አያውቅም፤ ግንቡ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ነው ያደገችው።»

ጉድ እኮ ነው! አይታው በማታውቀው ፊልም ነው ለካ ሰውን እንዲህ የምታንቀጠቅጠው። ያለምወርቅ ነገሩን ምላሷ ጫፍ ላይ ይዛ ጊዜ ትጠብቃለች። ከፊልም ታውቀዋለች፤ ከበሩ ጀርባ ማን እንደቆመ ተመልካቹ ያውቃል፣ ሴትየዋ ግን አታውቅም። ዛሬ ከበሩ ጀርባ የቆመችው እሷ ናት።

ባሕሪያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሙዚቃው ዝም አለ። ሙዚቃ ዝም ካለ፣ ወላሂ፣ ሰው ይሞታል።»

ከልጆቹ ሁሉ ትልቁን፣ አየነውን፣ አላስችል አለው። «ቆይ ቆይ፣ ገዳዩ ምን ይመስላል? ምን ለብሷል?»

ባሕሪያ ኮቴውን ሰምታለች፣ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰምታለች። ልብስ ግን በግንብ አይሰማም።

«ያላ፣ ተናገሪ እንጂ! አላየሽውም እንዴ?» አላት አየነው።

ይኸው ጊዜው። ያለምወርቅ ብድግ አለች። ባሕሪያ ቀና ብላ ስታያት እንደተነቃባት ገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ያለምወርቅ ደስ ሊላት ሲገባ አልሆነላትም። ደግሞ እኮ የፊልሙ ሴትዮ ትሙት ትዳን እሷም ሳትሰማ ልትቀር ነው! ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«አየነው፣ አንተ ፊልም አይተህ አታውቅም?» አለች። «የልብ አንጠልጣይ ፊልም ገዳይ መጀመሪያ ላይ ፊቱን አያሳይም። ረጅም ጥቁር ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ጓንት። ከዚያ ጫማውን ብቻ ነው የሚያሳዩህ።»

«ጫማውን ብቻ» አለች ባሕሪያ፣ እየተንተባተበች።

ያለምወርቅ ወደ ኋላ ሄዳ ጀሪካኗን አመጣችና ከባሕሪያ ጀሪካን ፊት አስቀመጠችው። ጎኑ አይደለም፣ ፊቱ። ባሕሪያ አየችና ጠጋ አለችላት።

«በይ ቀጥዪ» አለቻት ያለምወርቅ አጠገቧ እየተቀመጠች። «ኮቴውን አንቺ ንገሪያቸው። ለልብሱ እኔ አለሁ።»