የመርዳሳ ኮት

የመርዳሳ አስከሬን ቡልቡላ የውሃ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከገንዳው አጠገብ ተንጋሎ ነበር። ጥቁር ኮቱ ርሷል፤ አፉ ላይ አረፋ አለ።

መርዳሳ ከአዳማ የመጣ የውሃ ብድር ባለሙያ ነበር። መንግሥት ለከተሞች የውሃ ብድር የሚሰጠው በነጥብ ነው፤ ግማሹ ውሃው ሰውን በሚጎዳበት መጠን፣ ግማሹ ከተማው ዕዳውን ለመመለስ ባለው አቅም። መርዳሳ ያዘጋጀው የቡልቡላ ማኅደር ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አዳማ ካልደረሰ ተራው ለሌላ ከተማ ያልፋል። ማኅደሩ ግን የለም።

ኢንስፔክተር ሱሃይላ የጥቁር ሻርፗን ጫፍ ገንዳው ውስጥ ነክራ ከሟቹ ላይ አስወልቃ ሽቦ ላይ ካሰጣችው ኮት ጎን ሰቀለችው።

ዘበኛው ቀነዓ ሳቅ አለ። «ልጄ፣ በዚህ ውሃ ጥቁር ልብስ? ታዝኚያለሽ!»

አስከሬኑን ያገኘው ግቢው ውስጥ የቆመው የውሃ ቦቴ ባለቤት ዱጋሳ ነው። ከባቱ ከተማ የሚጠጣ ውሃ እያመላለሰ ለከተማው ይሸጣል።

«ንጋት ላይ ለቢሮው የመጠጥ ውሃ ሳመጣ ገንዳው ውስጥ ተንሳፍፎ አየሁት። ጎትቼ አወጣሁት።»

«ብቻዎን?»

«ምነው፣ ወንድ አይደለሁም?»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዘርፉ በሩን ዘግታ ለሱሃይላ በሹክሹክታ ነገረቻት። «ትናንት ቤት ለቤት እየዞረ ሰዉን ሲጠይቅ ዋለ።»

«ምን ብሎ?»

ዘርፉ በመስኮት ቦቴውን አየች። «ልጆች አሉኝ፣ እህቴ። ማኅደሩ ላይ ከሱ ቀጥሎ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ሱሃይላ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች። ሻርፑን ዘረጋችው፤ ጫፉ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ደርቋል።

«ኦቦ ቀነዓ፣ ይህ ነጭ ምንድን ነው?»

«የቡልቡላ ውሃ ነዋ! ጨዉን ልብስ ላይ ትቶ ነው የሚደርቀው። እዚህ ሕፃን ያውቀዋል።»

ኮቱን ዘረጋችው። እሱም ደርቋል፤ ግን ጥቁር እንደሆነ ነው፤ ነጭ የሚባል የለበትም። ሽማግሌው ዘበኛ ዞር ብሎ ቦቴውን አየ።

«መርዳሳ ገንዳው ውስጥ አልገባም» አለች ሱሃይላ። «የሰመጠው ጨው በሌለው ውሃ ነው። እዚህ ከተማ ሰው የሚያሰምጥ ያን ያህል የባቱ ውሃ ያለው ቦቴው ውስጥ ብቻ ነው። አቶ ዱጋሳ፣ የእርስዎ ልብስ የሚታጠበው በባቱ ውሃ ነው። ይህን ያላወቁት ለዚያ ነው።»

ዱጋሳ ተነስቶ ደረጃው ላይ ቆመ። ከበረንዳው መውጫው ደረጃው ብቻ ነበር። «በብድሩ ምን አገባኝ? ይህ ድሃ ከተማ መቼ ዕዳ ይከፍልና!»

«ይከፍላል» አለች ዘርፉ። «ለአንተ በየቀኑ በጀሪካን እየከፈለ ነው። መርዳሳ ሰዉን ሲጠይቅ የዋለው ይህንኑ ነበር። ከተማው ዕዳ መመለስ እንደሚችል ማስረጃው አንተ ነህ፤ ቧንቧ ከገባ ደግሞ ገበያህ ያበቃል።»

ዱጋሳ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሲራመድ ከደረጃው ሥር የቆሙ ሁለት ፖሊሶች ከኋላው ያዙት። ማኅደሩ ከቦቴው ወንበር ሥር ተገኘ፤ የቀረው አንድ ፊርማ ነው።

«እፈራለሁ» አለች ዘርፉ።

«እየፈራሽም ቢሆን ፈርሚ። ወደ አዳማ የሚወስደን መኪና እየጠበቀ ነው።»

ፈረመች። ሁለቱ በመኪናው ከግቢው ሲወጡ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። ፖሊሶቹ ቦቴውን በገመድ አጥረው ማንንም አያስጠጉም።

ቀነዓ በመኪናው መስኮት ጎንበስ አለ። «ልጄ፣ ብድሩ ደርሶ ቧንቧው እስኪዘረጋ… ነገ ምን እንጠጣለን?»

ዘርፉ ማኅደሩን በደረቷ አቅፋ ሰዓቷን አየች።