ግንቡ ከውሃው እስከበለጠ

ሲተዋወቁ አስተማሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅራ፣ የወንዙን ሙላት የምትለካበትን ዘንግ ታቅፋ ነበር። ግንበኛው እየሳቀ ጎትቶ አወጣት፤ አንድ ጫማዋ እዚያው ቀረ።

«ቲቸር፣ ዛሬ ጫማሽን በላው... ነገ አንቺን እንዳይደግም!»

ተቆጣች። ልቧ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አልታዘዛትም።

ግንበኛው ሰፈሩን ከጎርፍ የሚከልል ግንብ ይሠራል። ግንቡ ከውሃው እስከበለጠ ድረስ ሰው ቤቱ ይቆያል፤ ውሃው ከደረሰበት ግን ሁሉም ወደየዘመዱ ይበተናል፣ እሷና እሱም ጭምር።

«ግንብህ ስንት ደረሰ?»

«መቶ ሃያ ሴንቲሜትር። በቀን አሥር እጨምራለሁ።»

«ውሃው አርባ ላይ ነው፤ በቀን ሃያ ይጨምራል። አሁን በሰማንያ ትቀድመዋለህ፣ እሱ ደግሞ በየቀኑ አሥር ይጠጋሃል...» ጣቶቿን አጣጠፈች። «ስምንት ቀን አለን!»

«ስምንት?» ፊቱ በራ። «ስምንት ቀን አብረን ነን በይኛ!»

እሷም ደስ አላት። ሰው ደስ ሲለው ደግሞ ምን ብሎ ይጠይቃል!

መራመድ የማይችሉትን እናቱን ሊወስድ የመጣ መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር። እሳቸው እምቢ አሉ።

«ምራቴ ስምንት ካለች ስምንት ነው» ብለው፣ አስተማሪዋን ገና ሳይጋቡ ምራት አድርገዋት፣ ትራሳቸውን አስተካከሉ። መኪናው በስድስተኛው ቀን ሊመለስላቸው ሌላ በሽተኛ ጭኖ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ውሃው ገና ከግንቡ ጫፍ በታች ሳለ፣ የላይኞቹ የድንጋይ ረድፎች ተገፍተው ወደቁ፤ ጎርፉም ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ግንበኛው ሮጦ ሲደርስ እናቱ አልጋቸው ላይ አልነበሩም። አስከሬናቸው የተገኘው በማግሥቱ ነው።

ከቀብሩ በኋላ አስተማሪዋ በተጠጋችበት የዘመዷ ቤት በሯን ዘጋች። የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብላ ደመደመች። እሱም ብቅ ስላላለ እንደጠላት እርግጠኛ ሆነች። አንድ ቀን ከሰዓት ግን በሯን አንኳኳ።

«ሒሳብሽ ልክ ነበር» አላት ሳይቀመጥ። «ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ። የእኛ ግንብ ድንጋዩን የሚያያይዘው ሲሚንቶ ደርቆ እስኪጠነክር አራት ቀን ይፈልጋል። በቀን አሥር ስለምጨምር የላይኛው አርባ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ውሃ ሲገፋው አይችልም። እሱንም ቆጥሬ ነገርኩሽ።»

«ታዲያ ለምን...»

«ስምንት ስትይ ትዝ አለኝ። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት... ካንቺ መለየት ከበደኝ።»

«ብትነግረኝ አራት እልህ ነበር። እማማም በዚያ መኪና ይሄዱ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ትወደዋለች፤ እሱም ይወዳታል። ግን እነዚያን ቀናት ያገኟቸው በእናቱ ነፍስ ነው። ይህን እያወቁ እንዴት አንድ ቤት ይገባሉ?

በማግሥቱ መሣሪያዎቹን ይዞ ሌላ ከተማ ሥራ ፍለጋ ሄደ። ቆይ ብትለው ይቆይ ነበር። አላለችውም።