አምስተኛዋ ሸክላ

አርጊሮ አፍንጫዋን የሙዚየሙ መስታወት ላይ ለጥፋ ቀረች። ውስጥ የተደረደሩት አራት ሸክላዎች ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያሉ፣ አናታቸው ላይ የተበሱ ናቸው። አምስተኛዋ እነ አርጊሮ ጓዳ ናት፤ ማሰሮ ውስጥ በጨው ውሃ የተዘፈዘፈው የወይራ ፍሬ እንዳይንሳፈፍ ተጭናው ተቀምጣለች።

«እማማ፣ የኛዋን እኮ ነው የሚመስሉት» አለች።

አያቷ ማሪጎ አብራ የመጣችው የተማሪዎቹ አውቶቡስ ይገለበጣል ብላ ሰግታ ነው፤ እሷ ካለች በእጇ ደግፋ የምታስቀረው ይመስል። ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«ዝም በይ! አጎትሽ አንዲት ሰባራ ገንቦ ለመንግሥት ሰዎች ቢያሳይ ማሳው ለቁፋሮ ተብሎ ሰባት ዓመት በገመድ ታጥሮ ቀረ። አያትሽ የኛዋን ከወይራው ማሳ ሲያርስ እንዳገኛት ከሰሙ አለቀልኝ።»

«ፈታ በይ፣ እማማ።»

የሙዚየሙ ጠባቂ ፓናጎስ ቁልፉን እያንቃጨለ መጣ።

«የጥንት ሸማኔ ከጫፉ አንጠልጥላ ክሯን የምትወጥርባቸው ናቸው» አለ። «ጭቃው ሳይደርቅ በአውራ ጣቷ ተጭናቸዋለች። አሻራው ይኸው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም።»

አርጊሮ አውራ ጣቷን ደበቀች። ወይራ በተዘፈዘፈ ቁጥር የቤታቸው ሸክላ ላይ ባለችው የአሻራ ጎድጓዳ ትለካዋለች። ድሮ ይሰፋት ነበር፤ ዘንድሮ ልክክ አለላት።

«ሌሎቹስ የት ገቡ?» አለች።

«የማን ጓዳ ምን እንዳለው ማን ያውቃል?» አለ ፓናጎስ። «የኔ እናት በጥንት ሐውልት እግር በር ታስደግፍ ነበር።»

«እናትህ ሌባ አልነበረችም» አለች ማሪጎ ፈጠን ብላ።

«ማን ሌባ አለ፣ እትዬ ማሪጎ?»

«ያገኘውን የሚያመጣ ሰው ማሳውን ይቀማል?»

«የመንግሥት ሰዎች መጥተው ማሳውን ያዩታል። ምንም ላያገኙ ይችላሉ። ግን ቃል አልገባልሽም።»

ሲመለሱ፣ በየመታጠፊያው የምታማትበው ማሪጎ አንዴም አላማተበችም።

ያን ዕለት ማታ አርጊሮ እጇን እስከ ክርኗ ማሰሮው ውስጥ ከታ ሸክላዋን አወጣች። በምትኳ ከወንዝ የመጣ ድንጋይ አስቀመጠች። ቀና ስትል አያቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ድንጋዩን እንዲጸዳ ቀቅለሽዋል?»

«ቀቅዬዋለሁ።»

«ወይራችንን እንዳንለቅም ቢከለክሉንስ?»

«ገመዳቸው ሥር ቁጭ ብዬ እጨቀጭቃቸዋለሁ። ካንቺ ተምሬ የለ?»

ማሪጎ ልትስቅ ነበር፤ ዋጠችው። ሻሿን ከራሷ ፈታ ዘረጋችላት።

«በይ በዚህ ጠቅልያት። አውቶቡሱ ያንገጫግጫል፤ ነገም ሙዚየሙ ድረስ አብሬሽ እመጣለሁ።»