ማንግሮቩ ውስጥ የቀረው ቋጠሮ

ጄኔል እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ የአባቷን ጀልባ ገመድ ጫፍ አገላብጣ አየችው። አልተበጣጠሰም። በቢላ አንዴ የተቆረጠ ነው።

«ንፋሱ በጠሰው አላልከኝም?»

ኬሮን ከኋላዋ ቆሞ ዓይኑን ከገመዱ አሸሸ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብረው የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው።

አውሎ ነፋስ ሲመጣ የደሴቲቱ ጀልባዎች ሁሉ ባሕሩ ዳር ውኃ ውስጥ በበቀለው ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ማንግሮቩ ውስጥ ይደበቃሉ። ቀድሞ የደረሰ በጥልቀት ገብቶ ከዛፎቹ ሥር ጋር ይታሰራል። አባቷ ኤልሮይ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አሁን ግን ጀልባው ዓለት ላይ ተሰባብሮ ቀርቷል፤ እሱም ጣሪያ በሌለው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። «ቋጠሮው ተፈታ ማለት ነው። አርጅቻለሁ፤ ከእንግዲህ ባሕር አልወጣም» ብሏል። ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ዝር አላለም።

ቋጠሮው ግን ይኸው፣ እንደታሰረ ነው።

«ታውቅ ነበር?»

«አጎቴ ዘግይቶ ደረሰ» አለ ኬሮን። «ውስጥ ቦታ አልነበረም። የእናንተን ትንሽ ገፋ አድርጎ መልሶ ሊያስረው ነበር እኮ። ንፋሱ ቀደመው።»

«በቢላ ነው የሚገፋው?»

«አልፈታ አለዋ።»

ጄኔል ጥርሷን ነከሰች። በንፋሱ መናደድ አልቻለችም፤ ንፋሱ የሁሉንም ጣሪያ ወስዷል፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ጭምር። ይህን ግን ንፋስ አላደረገውም።

«ትናንት ውኃ ወረፋ ላይ አጎትህ ‹ኤልሮይ ጀልባውን በጫማ ክር ነው ያሰረው› ሲል አባቴ ሰምቷል። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም ሳቅህ።»

«ምን ላድርግ? የአጎቴን ጀልባ ገልብጠን እሱ ሥር ነው የምንተኛው። እናቴም፣ ሕፃኗ እህቴም። የደሴቲቱ ሰዎች ካወቁ ለአባትሽ ካሳ ብለው ይወስዱብናል። በናትሽ ጄኒ፣ አትናገሪ።»

ልታዝንለት ሞከረች። ሕፃኗን ትወዳታለች። የወረፋው ሳቅ ግን ከጆሮዋ አልወጣ አለ፤ አባቷ ባልዲውን ይዞ እንዴት አቀርቅሮ እንደሄደም ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

ቋጠሮውን ፈትታ ልትወስድ ጎንበስ አለች። ሳበች፣ አጣመመች። ጥፍሯ ተሰበረ እንጂ ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ትታው ቀና አለች።

«ልትነግሪው ነው?»

«አልነግረውም። መጥቶ ራሱ ያያል። አንተ እዚሁ ጠብቀን፤ ስለ ቢላው ሲጠይቅ የምትነግረው አንተ ነህ።»

ኬሮን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ቤት ስትደርስ አባቷ እንደተቀመጠ ነው። ቦት ጫማውን አንሥታ እግሩ ሥር አኖረችለት።

«አባዬ፣ ተነሥ። ማንግሮቩ ጋ እንሂድ።»

«እዚያ ምን ቀረኝ?»

«ቋጠሮህ» አለችው። «እስካሁን አልተፈታም።»